ስለ አቀበትና ስለ ቁልቁለት፤ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ላለው ቤተ ሰብ

አባቶቻችን ለመንገድ ሲነሡ አስቀድመው የሚጠይቁት «ስንት ቀን ያስኬዳል?» ብለው ነበር እንጂ የመንገዱን ርዝመት ብቻ አልነበረም። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን በገደል ማዶና ማዶ የተቀመጡ ሁለት መንደሮች ድምፅ ለድምፅ ሲሰማሙ ይውላሉ፤ ካንዱ ወዳንዱ ለመሄድ ግን ግማሽ ቀን መውረድና ግማሽ ቀን መውጣት ያስፈልጋል። ስለዚህ የጥንቱ መንገደኛ ርቀትን የሚለካው በበቅሎው ድካምና በስንቁ መጠን ነበር።

የነዳጅ አውቶሞቢል ከመጣ ወዲህ ግን ይህ ጥበብ ከብዙዎቻችን ዘንድ ተረሳ። የመጀመሪያው አውቶሞቢል በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም አዲስ አበባ ከገባ ጀምሮ አቀበቱ ሞተሩን ቢያስጮኸውና ውሃውን ቢያፈላውም፥ ነዳጅ የጎደለ እንደ ሆነ ከመንገድ ዳር በጥቂት ደቂቃ ይሞላ ነበርና ተራራው የቤት ሒሳብ መሆኑ ቀረ። አሁን ግን ያ ሒሳብ ተመልሶ መጥቷል። በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚነዳ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መንግሥት ከወሰነ ወዲህ በየግቢያችን የሚቆመው የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል እየበዛ ሄዷል። የአገራችን ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከውሃ ኃይል የሚገኝ ስለ ሆነ ይህ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ኤሌክትሪክ እንደ ነዳጅ በጀሪካን ተይዞ አይሄድም፤ ለመሙላትም ከቤት ሶኬት ብዙ ሰዓት ይጠይቃል። ስለዚህ ስንቁን የሚመጥነው ነጂው ብቻ ሳይሆን ቤተ ሰቡ ሁሉ ነው። ይህን ጉዳይ ለዚህ ገጽ የመረጥነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ነገሩን ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። አውቶሞቢል በደልዳላ መንገድ ሲሄድ ኃይሉን የሚፈጀው ነፋሱን ለመግፋትና የጎማውን ግጭት ለማሸነፍ ነው። አቀበት ሲገጥመው ግን በዚህ ላይ የራሱን ክብደትና የተሳፈሩትን ሰዎች ክብደት ወደ ላይ ያነሣል። ይህን የሚያስከፍለው የመንገዱ ርዝመት አይደለም፤ ከፍታው ነው። አቀበቱ ረዥምና ለስላሳ ቢሆን ወይም አጭርና ቀጥ ያለ ቢሆን፥ የወጣነው ከፍታ አንድ ከሆነ የማንሻው ዋጋ አንድ ነው።

ለምሳሌ እኛ በቤታችን ያለችው ታናሽ አውቶሞቢል አራት ሰው ስትጭን ወደ 1,500 ኪሎ ግራም ትመዝናለች። ይህን ክብደት 100 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት 0.41 ኪሎ ዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ በሞተሩና በመዘውሩ መካከል የሚጠፋው ሲታከልበት ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ብቻ ይቀረዋል። ይህችው አውቶሞቢል በደልዳላ መንገድ በልክ ስትነዳ ለ100 ኪሎ ሜትር 12 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበቃታል። እንግዲህ ሁለቱን ብናስተያይ 100 ሜትር ወደ ላይ መውጣት 4 ኪሎ ሜትር ደልዳላ መንገድ ከመሄድ ጋር እኩል ይሆናል ማለት ነው። ይህችን አንዲት ቁጥር የያዘ ሰው የጉዳዩን ዋና ነገር ይዟል።

ቁልቁለቱስ? የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ከነዳጁ የሚለይበት ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። የነዳጅ አውቶሞቢል ቁልቁል ሲወርድ ከፍታውን በፍሬን እያጋለ ወደ ነፋስ ይበትነዋል እንጂ አንዲት ጠብታ ቤንዚን አይመልስም። የኤሌክትሪኩ ግን ነጂው እግሩን ከመርገጫው ሲያነሣ ሞተሩ ራሱ ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫነት ይለወጣል፤ መንኰራኵሩም ሞተሩን እያዞረ ባትሪውን ይሞላል። ነገር ግን ተራራ ያበደሩትን ሁሉ አይመልስም፤ እህል ተበድሮ በጎደለ ቁና እንደሚከፍል ሰው ነው። በእኛ ልክ 100 ሜትር መውረድ ቁልቁለቱ ለስላሳ እንደ ሆነ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ይመልሳል፤ ቀጥ ያለ ገደል እንደ ሆነ ደግሞ ከዚያ ያንሳል። ስለዚህ ሲወጡ 4 የሰጠ ሰው ሲወርድ 3 ይቀበላል፤ አንዱ በመንገድ ቀረ ማለት ነው።

ይህ ጉድለት ሲያዩት ጥቂት ይመስላል። ችግሩ የሚመጣው ግን ብድሩ በሚከፈልበት ጊዜ ነው። አዲስ አበባ በተራራ ወገብ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለ ሆነች በምሥራቅና በደቡብ ለዕረፍት የምንሄድባቸው ቦታዎች አብዛኞቹ ከእርስዋ በታች ናቸው። ስለዚህ ሁላችንም ስንሄድ እንወርዳለን፤ ስንመለስ እንወጣለን። ጠዋት ተራራው ያበድረናል፤ ማታ ደክመን፥ ልጆች አንቀላፍተው፥ ባትሪው ጎድሎ ሳለ ዕዳውን ይጠይቀናል።

ይህ ነገር በወሬ ብቻ የምንናገረው አይደለም። ባለፈው ጥር ወር እናታችንን የጉልበት ሕመም ስለ ጸናባቸው ወደ ሶደሬ ፍል ውሃ ወስደናቸው ነበር። ቤታችን ሽሮ ሜዳ ግድም ሲሆን ከፍታው 2,600 ሜትር ያህል ነው፤ ሶደሬ ደግሞ 1,400 ሜትር ግድም ነው። መንገዱ በአዳማ በኩል 130 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መሪውን የያዘው የወንድማችን ልጅ ነበር፤ እርሱም በነጂነቱ የተመሰገነ፥ ለአያቱም የሚሳሳ ጐበዝ ልጅ ነው። እናታችን ሌሊቱን ከቤታቸው ውጭ ማደር አይችሉም፤ በየማታው የሚወስዱት መድኃኒት አለ፥ ብርዱም ይጐዳቸዋል። ስለዚህ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በፊት ቤት መግባት ግዴታችን ነበር።

ከመሄዳችን በፊት በነበረው ማታ የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጃችን ደብተር አውጥታ መንገዱን አሰላችው። ባትሪው ሲሞላ 30 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ይኸውም በደልዳላ መንገድ 250 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ወደ ሶደሬ 1,200 ሜትር እንወርዳለን፤ በየመቶው ሜትር 3 ብንቀበል 36 ኪሎ ሜትር ይመለስልናል። ስለዚህ የመሄጃው 130 ኪሎ ሜትር በእውነት የሚያስከፍለን 94 ነው። ሲመለሱ ግን በየመቶው ሜትር 4 ሲከፈል 48 ይጨመራል፤ 130ው 178 ይሆናል። የሁለቱ ድምር 272 ነው፤ ያለን ስንቅ ግን 250 ብቻ ነው። «አባባ፥ 22 ይጎድለናል» አለችን። በዚያው ሌሊት አዳማ ለሚኖሩ ዘመዳችን ስልክ ደወልንና ምሳ ከእርሳቸው ቤት እንድንበላ፥ አውቶሞቢሏም ከቤታቸው ሶኬት እንድትሞላ ተስማማን።

በማግሥቱ ማለዳ ተነሥተን በፈጣኑ መንገድ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ሳናልፍ ወረድን። ሶደሬ ስንደርስ ባትሪው ከመቶ 62 እጅ ነበረው። እናታችን በፍል ውሃው ተደስተው ጉልበታቸው ላላ አለላቸው። ስድስት ሰዓት ሲሆን እንነሣ ብንል የወንድማችን ልጅ በነጂው ፊት ያለውን ሰሌዳ አሳየን። ሰሌዳው በቀረው ኤሌክትሪክ 215 ኪሎ ሜትር መሄድ ይቻላል ይል ነበር።

«ጋሼ፥ ይመልከቱ» አለ፤ «ቤታችን 130 ኪሎ ሜትር ነው። የፈጀነው ከመቶ 38 እጅ ብቻ ነው፤ የቀረን ከፈጀነው ይበልጣል። እማማ እዚህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢቆዩ ጉልበታቸው የበለጠ ይሻላቸዋል። አዳማ ገብተን ሦስት ሰዓት የምንገተርበት ምክንያት ምንድር ነው?»

ነገሩ ሲሰሙት ፍጹም ትክክል ይመስላል። ልጁም የተናገረው ለአያቱ አስቦ እንጂ በስንፍና አልነበረም። እኛ በአባትነት ሥልጣን «ዝም በል፥ ንዳ» ብንለው ይታዘዝ ነበር፤ ነገር ግን ታዝዞ የቀረ ሰው ነገሩን አልተማረም፤ ሌላ ቀን ብቻውን ሲሄድ እንደዚያው ያደርጋል። ስለዚህ ልጃችን ደብተርዋን እንድታሳየው ጠራናት። እርስዋም በአክብሮት «ወንድም ጋሼ፥ ሰሌዳው የሚነግርህ ስንወርድ የፈጀነውን ነው፤ እኛ ግን አሁን የምንወጣ ነን» አለችው። እርሱም ደብተሩን አየና «ማሽኑ ከደብተር አያንስም» ብሎ ፈገግ አለ።

በዚህ ጊዜ እናታችን ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳደረጉ «ልጄ፥ እኔ ይህን ማሽን አላውቅም» አሉት፤ «ነገር ግን አባትህ ቆላ ወርዶ ሲመለስ በቅሎይቱን ከአቀበቱ ሥር ገብስ ሳያበላ አንድ ቀንም ወጥቶ አያውቅም። ስትወርድ አልደከመችም ብሎ ስትወጣ አትደክምም አላለም።» የወንድማችን ልጅ አያቱ ሲናገሩ ክርክር አያበዛምና ዝም ብሎ ዕቃውን መጫን ጀመረ።

አዳማ ስንደርስ የመንገዱ ርዝመት 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሆን ባትሪው ከ62 ወደ 48 እጅ ወርዶ ነበር፤ 300 ሜትር ወጥተናልና። በሰሌዳው ላይ የነበረው 215ም እየቀነሰ መጥቶ አሁን ከአንድ መቶ አርባ ብዙም አይርቅም ነበር። የወንድማችን ልጅ ይህን አይቶ ምንም አልተናገረም፤ ከአውቶሞቢሏ ወርዶ ገመዱን ራሱ አውጥቶ ሰካው። ምሳ ተበላ፤ ቡና ተፈላ፤ አቦሉ፥ ቶናው፥ በረካው እስኪያልቅ ሦስት ሰዓት ያህል ሆነ። በዚህም ጊዜ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ገባላት፤ ይኸውም ለ50 ኪሎ ሜትር የሚሆን ስንቅ ነው። ቤታችን ስንገባ ጀንበር ገና አልጠለቀችም ነበር፤ ባትሪው ላይ የቀረውም ከመቶ 11 እጅ ነበር። የወንድማችን ልጅ ሞተሩን ካጠፋ በኋላ ጥቂት ተቀምጦ አሰበና ልጃችንን «ያን ደብተር እስቲ አምጪው» አላት። ያ ሦስት ሰዓት ባይኖር ኖሮ እናታችንን ይዘን የምንቆመው ቤታችን ሳንደርስ፥ ከከተማው መካከል፥ አቀበቱ ላይ በምሽት ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ ሰሌዳው ዋሽቷል ብሎ እንዳይፈርድበት እንለምናለን። ብዙዎቹ ሰሌዳዎች የሚቀጥለውን ርቀት የሚገምቱት በቅርብ ጊዜ ከተፈጀው ኃይል ተነሥተው ነው። ስለዚህ ሰሌዳው ያየውን የሚመሰክር ታማኝ ምስክር ነው፤ ያላየውን የሚናገር ነቢይ ግን አይደለም። ከቁልቁለት በኋላ ሲያዩት ከልክ በላይ ይመካል፤ ከአቀበት በኋላ ሲያዩት ከልክ በላይ ይፈራል። አንዳንድ አዲሶች አውቶሞቢሎች መንገዱን በካርታ ሲነግሯቸው የመሬቱን ከፍታ ጭምር ያሰላሉ፤ እንዲህ ያለ ያለው ሰው ይጠቀምበት። የሌለው ግን ከመቶ ስንት እጅ እንደ ቀረ ብቻ ይመልከትና የቀረውን በራሱ ያስላ።

ይህንኑ ሒሳብ ወደ ሌላ መንገድ ብንወስደው ከዚህ የሚበልጥ ነገር ያስተምረናል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወደ ወንዙ ሲወርዱ 1,400 ሜትር ያህል ይወርዳሉ፤ ወደ ማዶ ሲወጡም ያንኑ ያህል ይወጣሉ። ማዶ ለማዶ ሲታይ የሚያስፈራ ገደል ነው። ነገር ግን መውረዱ የሚመልሰውና መውጣቱ የሚወስደው ሲቻቻሉ አውቶሞቢል እንደ እኛዋ ከሆነ ጠቅላላው ዋጋ ከ60 ኪሎ ሜትር ደልዳላ መንገድ ብዙ አይበልጥም። አደጋው በጠቅላላው ላይ አይደለም፤ በመካከሉ ላይ ነው። ከድልድዩ ላይ የቆመ መንገደኛ ወደ ማዶ አፋፍ ለመድረስ የቀረው 20 ኪሎ ሜትር ብቻ መስሎ ይታየዋል፤ አቀበቱ ግን የ76 ኪሎ ሜትር ስንቅ ይጠይቀዋል። እንግዲህ ገደል የሚሻገር ሰው ሒሳቡን ማድረግ ያለበት አፋፉ ላይ ሳለ ነው እንጂ ድልድዩ ላይ ደርሶ አይደለም።

ሆኖም ተራራ ለኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ጠላት ብቻ ነው አንልም። የነዳጅ ሞተር የሚተነፍሰው አየር በደጋ ስለሚሳሳ ኃይሉ ይቀንሳል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይተነፍስ በደጋም በቆላም ጉልበቱ አንድ ነው። ከዚህም በቀር በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ከአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ ለመግፋት ይቀላል። በረዥም ቁልቁለትም ሞተሩ ራሱ እየያዘ ስለሚወርድ ፍሬኑ ከመጋል ይድናል። እንግዲህ ተራራውን የሚፈራ ሰው ሳይሆን የሚያውቅ ሰው ይጠቀማል።

ስለዚህ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ላላቸው ቤተ ሰቦች የሚከተለውን ምክር በአጭሩ እናቀርባለን።

1ኛ፤ ከመሄድ በፊት የሚነሡበትንና የሚደርሱበትን ቦታ ከፍታ ይጠይቁ። በየመቶው ሜትር ለመውጫው 4 ኪሎ ሜትር ይጨምሩ፤ ለመውረጃው 3፥ ገደሉ ቀጥ ያለ እንደ ሆነም 2 ብቻ ይቀንሱ። አውቶሞቢሉ ትልቅ ከሆነ በደልዳላም በአቀበትም የሚፈጀው አብሮ ስለሚያድግ መስፈሪያው ብዙ አይለወጥም።

2ኛ፤ የመመለሻውን ስንቅ ከመሄጃው ለይተው ያስሉ። «ግማሹ ለመሄጃ፥ ግማሹ ለመመለሻ» የሚለው ደንብ በሜዳ አገር እንጂ በእኛ አገር አይሠራም።

3ኛ፤ ቤታችሁ በተራራ ላይ የሆነ፥ ሩቅም የማትሄዱ እንደ ሆነ ባትሪውን ጢም አድርጋችሁ አትሙሉ፤ ከመቶ 90 እጅ ይበቃል። የሞላ ባትሪ ቁልቁለቱ የሚሰጠውን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውምና የፍሬኑ ሥራ ይበዛል።

4ኛ፤ በአቀበት ላይ መቸኰል ማንሻውን አያረክሰውም፤ የነፋሱን ዋጋ ግን ያስወድደዋል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የነፋሱ መግፋት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ስንቅ ያነሰው ሰው ዝግ ብሎ ይንዳ።

5ኛ፤ ከልክ ያለፈ ጭነት በሜዳ ብዙ ባይሰማም በአቀበት ኪሎው ሁሉ ይቈጠራል። የማያስፈልግ ዕቃ ከቤት ይቅር፤ የጎማውም አየር ይታይ።

6ኛ፤ በሒሳቡ መጨረሻ ላይ ቢያንስ ከመቶ 10 እጅ የማይነካ ስንቅ ያስቀሩ። ዝናብ፥ የፊት ነፋስ፥ የመኪና መጨናነቅ፥ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ሁሉ ከዚያ ላይ ይወስዳሉና።

በመጨረሻም ለክቡራት እመቤቶችና ለክቡራን አባቶች አንድ ነገር ልናሳስብ እንወዳለን። ሴት ልጅ በጓዳ ወጥ ስትሠራ መጥኖ መደቆስን ከእናትዋ ትማራለች፤ ወንድ ልጅም ከአባቱ ጋር መንገድ ሲወጣ ስንቅ መመጠንን ይማር ነበር። ዛሬ ሁለቱ ትምህርት አንድ ሆኗል። የተማሪው ሒሳብ በደብተር ላይ ታስሮ የሚቀር ከሆነ ለፈተና ብቻ ይጠቅማል፤ በቤት ጉዳይ ላይ ሲውል ግን አያትን ከምሽት ብርድ፥ ቤተ ሰብንም ከመንገድ ላይ ጭንቀት ያድናል። ስለዚህ መንገድ ስትነሡ ደብተሩን ለልጆቻችሁ ስጧቸው፤ ያሰሉትንም በሽማግሌ ፊት እንዲናገሩ ፍቀዱላቸው፤ ትክክል ሆኖ ሲገኝም በዕድሜያቸው ማነስ አትለፉት። የአገራችን ተራራ ለአባቶቻችን ምሽግ ሆኖ እንዳገለገለ ሁሉ ለልጆቻችን ደግሞ ሒሳብ የሚማሩበት ሰሌዳ ይሆናል።